አቼቶና አንድ ደቂቃ

አስቀድሜ አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ እኔ ሐኪም አይደለሁም። ነርስም፣ አዋላጅም አይደለሁም። የተማርኩት ቢዝነስ አድሚኒስትሬሽን ነው። የምሠራው ደግሞ ዘይትና ሳሙና በሚያከፋፍል ድርጅት ውስጥ፣ ማርኬቲንግ ኦፊሰር ሆኜ ነው። መርፌ ሳይ ፊቴን የማዞር ሰው ነኝ። ስለዚህ ዓምና ሐምሌ ላይ የዓመት ዕረፍቴን ወስጄ፣ በሴቶች ጤና ላይ ከሚሠራ የበጎ ፈቃድ የሕክምና ቡድን ጋር ማላዊ እንደምሄድ ስናገር የቢሮ ባልደረቦቼ የጠየቁኝን እናንተም ሳትጠይቁኝ አትቀሩም፦ «አንቺ ደግሞ እዚያ ምን ልትሠሪ?»

መልሱ አጭር ነው፤ ልመዘግብ። ሐኪምና አዋላጅ በቀን አርባና ሃምሳ ሴት ሲያዩ፣ ስም የሚጽፍ፣ ተራ የሚያስከብር፣ ጓንት ማለቅ አለማለቁን የሚያይ፣ ማን ከየት መንደር እንደመጣች በደንብ የሚይዝ ሰው ያስፈልጋል። ይህን ሥራ ለሐኪም ብትሰጡት ጊዜውን ማባከን ነው። ለእኔ ግን የዕለት እንጀራዬ ነው፤ ደንበኛ መዝግቦ መያዝና መከታተል።

ቡድኑን የምትመራው የታላቅ እህቴ የሃይስኩል ጓደኛ ናት። አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ የማህፀንና ጽንስ ሐኪም ሆና ትሠራለች። ስፔሻላይዝ በምታደርግበት ዘመን ጥቂት ወራት ማላዊ አሳልፋ ስለነበር ከዚያ ወዲህ አገሩን አልተወችውም። ዘጠኝ ሆነን ነው የሄድነው፤ አራቱ ከአሜሪካ፣ አምስታችን ከአዲስ አበባ። የአውሮፕላኑንም የማደሪያውንም ወጪ እያንዳንዳችን ከኪሳችን ከፍለናል። ለእኔ ያ ገንዘብ ለመኪና ቅድመ ክፍያ ብዬ ያጠራቀምኩት ነበር። መኪናውን አሁንም አልገዛሁም፤ ታክሲ ሰልፍ ላይ ስታገኙኝ አትገረሙ።

እናቴ ግን በጣም ተገረመች። «እዚህ አገር ሴት አልቆ ነው?» አለችኝ። ቀልድ አይምሰላችሁ፤ ከልቧ ነው የጠየቀችው፣ ጥያቄዋም ተገቢ ነው። ከሁለት የጤና ጣቢያ ሰልፍ አንዱን ለመምረጥ የሚያበቃ መመዘኛ የለኝም። የማውቀው ይህን ነው፤ ማላዊ በማህፀን በር ካንሰር የሚያዙና የሚሞቱ ሴቶች ቁጥር በዓለም ላይ እጅግ ከፍተኛ ከሆነባቸው ጥቂት አገሮች አንዷ ናት። የጠራችኝ ሐኪም የምትሠራውም እዚያ ነው። ደግሞም ስለዚህ በሽታ ሲወራ ዝም ብዬ ማለፍ የማልችልበት የራሴ ምክንያት አለኝ።

አክስቴ፣ የእናቴ ታናሽ እህት፣ በ46 ዓመቷ ነው ያረፈችው። እኔ ያኔ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። ለለቅሶ የመጣ ሁሉ «ምን ነክቷት ነው?» ሲል መልሱ አንድ ነበር፤ «የሆድ ሕመም ነው»። እኛ ልጆቹም የሆድ ሕመም መሆኑን አምነን አደግን። ከዓመታት በኋላ አያቴ ቤት ሻንጣ ሲገለበጥ የሕክምና ወረቀቷ ወጣ። የማህፀን በር ካንሰር፣ ደረጃ አራት ይላል። ወረቀቱን እናቴ ከእጄ ወስዳ አጠፈችውና ወደ ነበረበት መለሰችው። ከዚያ በኋላ ቤታችን ውስጥ አልተነሳም።

አሁን ወደ ማላዊ እንሂድ። ከቦሌ ሊሎንግዌ አራት ሰዓት ገደማ ነው። አዲስ አበባን በዶፍ ዝናብ ትተን ስንወርድ እዚያ ፀሐይ ነው፤ ሐምሌ ለእነሱ ደረቁና ነፋሻው ወራቸው ነው። ከሊሎንግዌ ወደ ምሥራቅ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል በመኪና ስትጓዙ ሳሊማ ትደርሳላችሁ። ከሳሊማ ትንሽ ራቅ ብሎ የማላዊ ሐይቅ አለ፤ ማዶው አይታይም። ባሕር ነው ቢሏችሁ ታምናላችሁ።

ሰዉ ትሑት ነው። ሴቶቹ ለትልቅ ሰው ዕቃ ሲያቀብሉ ጉልበታቸውን ሸብረክ ያደርጋሉ፤ የእኛን አገር እጅ መንሳት ያስታውሳችኋል። እናት የሆነችን ሴት «አማዪ» ብለው ይጠራሉ። ምግባቸው ንሲማ ነው፤ በነጭ የበቆሎ ዱቄት የሚሠራ ጠንከር ያለ ገንፎ በሉት። በእጅ እየተቆረሰ፣ ከቅጠላ ቅጠል ወይም ከዓሣ ጋር ይበላል። ቂቤና በርበሬ የለውም። ከቡድናችን አንዷ አዋላጅ በሁለተኛው ቀን ከሻንጣዋ ሚጥሚጣ አውጥታ አዳነችን።

ከሁሉ በፊት ዓይኔ የገባው ግን የሆስፒታሉ ግቢ ነበር። ከሕንፃው ጀርባ ደርዘን የሚሆኑ ሴቶች በሦስት ጉልቻ ላይ ድስት ጥደዋል። አስታማሚዎች ናቸው። በማላዊ የመንግሥት ሆስፒታሎች ሕመምተኛን የሚያጥበው፣ ልብሱን የሚያወጣለት፣ ምግቡን የሚያበስልለት ዘመድ ነው፤ ለእነሱ ማረፊያ ተብሎ የተሠራ መጠለያም አለ። እንግዲህ ይህን ስታዩ አንድ ነገር ይገባችኋል። እዚያ አንዲት ሴት ታመመች ማለት ሁለት ሴቶች ከቤት ወጡ ማለት ነው።

ሥራችን በሳሊማ ዙሪያ ባሉ ጤና ጣቢያዎች የማህፀን በር ቅድመ ካንሰር ምርመራ ማድረግ ነበር። ምርመራውን ላስረዳችሁ፤ ምክንያቱም ከመሄዴ በፊት እኔም ትልቅ ማሽንና ላቦራቶሪ የሚፈልግ ይመስለኝ ነበር። የሚፈልገው አቼቶ ነው። አዎ፣ ሰላጣ ላይ የምናደርገው። በትክክለኛው መጠን የተዘጋጀ ከ3 እስከ 5 በመቶ የአቼቶ አሲድ በጥጥ ተነክሮ የማህፀን በር ላይ ይቀባል። አንድ ደቂቃ ይጠበቃል። ጤነኛው ሥጋ ሮዝ እንደሆነ ይቀራል፤ መለወጥ የጀመረው ቦታ ነጭ ይሆናል። ለመርማሪዋ ጥሩ መብራትና የሠለጠነ ዓይን ይበቃታል። ነጭ ከታየ ደግሞ በያዙት ትንሽ መሣሪያ ቦታውን በሙቀት ማከም ይቻላል፤ ጫፉ መቶ ዲግሪ ያህል ይሞቃል፣ አንዱ ንክኪ ከአንድ ደቂቃ አይበልጥም። ማደንዘዣ ብዙውን ጊዜ አያስፈልግም፤ የወር አበባ ቁርጠት የመሰለ ስሜት አለው ይላሉ። ሴቲቱ በእግሯ መጥታ፣ ተመርምራ፣ ታክማ፣ በዚያው ቀን በእግሯ ወደ ቤቷ ትሄዳለች።

ነጭ ታየ ማለት ካንሰር ተገኘ ማለት አይደለም። ይህን በደንብ ያዙልኝ፤ ብዙ ሴት ከምርመራ የምትሸሸው ይህን ባለማወቅ ነውና። በሽታውን በአብዛኛው የሚያመጣው ኤችፒቪ የሚባል በግብረ ሥጋ ግንኙነት የሚተላለፍ ቫይረስ ነው። ይህን የደረሰበት ጀርመናዊው ሃራልድ ዙር ሃውዘን እ.ኤ.አ. በ2008 ኖቤል ተሸልሞበታል። ቫይረሱ ብዙ ሰው ሳያውቀው ይዞት፣ ሳያውቀው ይለቀዋል። በአንዳንዶች ላይ ግን ይቆያል፤ ከቆየም ወደ ካንሰር ለመድረስ ከ15 እስከ 20 ዓመት ይፈጅበታል። የመከላከል አቅማቸው የደከመ ሴቶች ላይ ከ5 እስከ 10 ዓመት ሊሆን ይችላል፤ ኤችአይቪ በደማቸው ያለ ሴቶች ተጋላጭነት ስድስት እጥፍ መሆኑንም ያነበብኩት እዚያ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ነው። እንግዲህ አስቡት፤ ይህን ሁሉ ዓመት በር ላይ ቆሞ የሚጠብቅ በሽታ ነው። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2022 ብቻ በዓለም ላይ 350 ሺህ ያህል ሴቶችን ገድሏል፤ ከመቶ 94ቱ የሞቱት እንደኛና እንደ ማላዊ ባሉ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ያላቸው አገሮች ነው።

የመጀመሪያው ቀን 14 ሴቶች መጡ። እኛ የተዘጋጀነው ለ50 ነበር።

ከሰዓት በኋላ እጃችንን አጣጥፈን ስንቀመጥ የጤና ጣቢያዋን ኃላፊ፣ እኛ «ሲስተር» የምንላቸውን አንጋፋ ነርስ፣ ጠየቅኳቸው። በአምሳዎቹ መጀመሪያ ላይ ያሉ፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ ሴት ናቸው። «ካንሰር ልትመረመሩ ኑ ተብሎ በድምፅ ማጉያ ተነግሯል» አሉኝ። «ማን ነው በሰው ፊት ተነስቶ ካንሰር ልመረመር ነው ብሎ የሚሄድ?»

በሥራዬ አንድ ዕቃ ሳይሸጥ ሲቀር መጀመሪያ የምናደርገው ገዢውን መጠየቅ ነው። ሲስተር እያስተረጎሙልኝ የመጡትን 14 ሴቶች አንድ በአንድ ጠየቅኳቸው፤ ለምን መጣሽ፣ ጎረቤትሽ ለምን ቀረች? መልሱ ተመሳሳይ ነበር። ማህፀን ያወጣሉ ተብሎ ተወርቷል። መሣሪያው ያደማል ተብሏል። መርማሪው ወንድ ነው ተብሏል። አንዷ ደግሞ ሳቅ እያለች፣ «ጎረቤቴ የውስጥ ልብስ የላትም፤ አፍራ ነው» አለች። ይህን ያለችው እንደ ቀልድ ነው፤ ማንም አልሳቀም።

በዚያ አካባቢ ያሉት ቼዋዎች የዘር ሐረግ የሚቆጥሩት በእናት ነው። ሲያገቡም ብዙ ጊዜ ባልየው ነው ወደ ሚስቱ መንደር የሚመጣው። ሴት የመንደር አለቆችም አሏቸው። ሲስተር በነጋታው ጠዋት ወደ አንዷ አለቃ ቤት ወሰዱኝ። ስልሳ የሚጠጋቸው፣ ቺቴንጄ የሚሉትን ባለ ቀለም ጨርቅ ያገለደሙ ሴት ናቸው። መሬት ላይ ተቀመጥን። ሲስተር ለረጅም ጊዜ አወሩ፤ እኔ «ዚኮሞ» ከማለት ውጭ የማውቀው የለኝም። አለቃዋ በመጨረሻ ተነስተው ጫማቸውን አደረጉ። ለካ «እኔ ራሴ ገብቼ ልየው» ነው ያሉት።

ገቡ። በዕድሜያቸው ምክንያት የአቼቶው ምርመራ እንደማይሠራላቸው ዶክተሯ ነገረቻቸው፤ የወር አበባ ከቆመ በኋላ መታየት ያለበት ቦታ ወደ ውስጥ ስለሚገባ በዓይን አይገኝም። ሆኖም ክፍሉን አሳየቻቸው፤ መሣሪያውን በእጃቸው ይዘው አገላበጡት፣ መርማሪዎቹ ሴቶች መሆናቸውን አዩ። ወጥተው ለሁለት የጤና ክትትል ረዳቶች አንድ ነገር ተናገሩ። እነዚህ ረዳቶች የእኛን ጤና ኤክስቴንሽኖች የሚመስሉ፣ በብስክሌት ከመንደር መንደር የሚዞሩ ሠራተኞች ናቸው። መልእክቱ ከዚያ በኋላ «ካንሰር» አላለም። «አለቃዋ ገብተው አይተውታል፤ ሴቶች ናቸው የሚያዩት፤ ቺቴንጄሽን አገልድመሽ ነይ፣ ሌላ ልብስ አያስፈልግም» ነው ያለው። በሦስተኛው ቀን ስንደርስ ከጥላው ስር ሴቶች ሞልተው ተቀምጠዋል። ገና ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ነው። እኔ በቢሮዬ ለአንድ የቴሌቪዥን ማስታወቂያ ስንት ብር እንደምናወጣ አውቃለሁ። ያንን ሰልፍ ሳይ ትንሽ ቀናሁ።

ስለ ፎቶም አንድ ነገር ልበል። ከቡድናችን አንዱ ሰው ሰልፉን እያነሳ ወዲያው ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ መልቀቅ ፈልጎ ነበር፤ «ለገንዘብ ማሰባሰቢያ ይጠቅማል» ነው ምክንያቱ። የማርኬቲንግ ሰው ስለሆንኩ እኔ እንደምደግፈው ገምቷል። አልደገፍኩትም። ለምርመራ ተሰልፋ ፎቶዋ ዓለምን የሚዞር ሴት እኅቴ ብትሆን ምን እላለሁ? ዶክተሯም ስልክ ከግቢ ውጭ እንዲቀር አዘዘች። ሰውዬው ሁለት ቀን አኮረፈ፤ በሦስተኛው ሚጥሚጣው አስታረቀን።

በሁለተኛው ሳምንት ማክሰኞ ያየሁትን ግን እስካሁን በቀላሉ አላወራውም። አንዲት የ38 ዓመት ሴት ከእናቷ ጋር መጣች። ሁለት ቺቴንጄ ደራርባ አገልድማለች፤ በመካከሉ ላስቲክ አለ። መመዝገቢያ ጠረጴዛዬ ጋ ከመድረሷ በፊት ጠረኗ ደረሰ። አጠገቤ የነበረችው ወጣት የማላዊ ነርስ አፍንጫዋን አልያዘችም፤ ፊቷንም አላዞረችም። ቀስ ብላ ተነስታ መስኮቱን ከፈተች፤ ከዚያ ሴቲቱን ክንዷን ይዛ ወደ ውስጥ አስገባቻት።

አቼቶ አላስፈለገም። ዶክተሯ አይታ ስትጨርስ ወንበሯን ትታ ምንጣፍ ላይ፣ ከእናትና ልጅ ጋር እኩል ተቀመጠች። ሲስተር ናቸው ያስተረጎሙት። ደም መፍሰስ የጀመረው ከሁለት ዓመት በፊት ነው። ሴቲቱ አራት ልጆች አሏት። ሊሎንግዌ ወዳለው ትልቁ ሆስፒታል መላክ እንዳለባት ሲነገራት እሷ ዝም አለች፤ እናቷ ግን አንድ ጥያቄ ጠየቁ። «እኔ ልጄን ላስታምም ከሄድኩ ልጆቿን ማን ያበላል?»

ክፍሉ ውስጥ ይህን የሚመልስ ሰው አልነበረም። እኔ መዝገቡ ላይ «ወደ ሊሎንግዌ ተልካለች» ብዬ ጻፍኩ። በነጋታው ምጥ የጠናባትን ሌላ እናት ይዞ በሚሄድ አምቡላንስ ተሳፈሩ፤ ልጆቹን የመንደሩ አለቃ ወሰዷቸው። ኅዳር ላይ ማረፏን ሲስተር በዋትስአፕ ጻፉልን።

በዚያ ማታ እናቴ ጋ ደወልኩ። ስለ ሴቲቱ ነገርኳት። ዝም ብላ ሰማችኝ። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ «እማዬ፣ አለሽ?» አልኳት።

«ነግራኝ ነበር» አለችኝ።

«ማን?»

«አክስትሽ። ከመሞቷ ከሁለት ዓመት በፊት ነግራኝ ነበር። ደም ያየኛል ብላ። ዕድሜ ነው፣ ሊቋረጥ ሲል እንዲህ ያደርጋል አልኳት። ለእኔም እናቴ እንደዚያ ነበር ያለችኝ። ቡና አፍልተን ጠጣንና ሄደች።»

እናቴ ይህን ለ16 ዓመት ብቻዋን ይዛው ኖራለች። ምን እንዳልኳት በትክክል አላስታውስም። ያኔ ይህን ምርመራ የሚያውቅ ሰው በአካባቢያችን እንዳልነበረ ነግሬያታለሁ፤ እውነት ነው። ብዙ አላጽናናትም። ሁለታችንም አለቀስን፤ ከዚያ «ካርድሽ አለቀ?» አለችኝና ዘጋችው።

ከመመለሳችን ከሁለት ቀን በፊት ሲስተር ሻይ ጋብዘውን ሳለ ዶክተሯን በትሕትና ጠየቋት፤ «ዘጠኛችሁ የመጣችሁበት የአውሮፕላን ገንዘብ ስንት እንዲህ ያለ ማከሚያ ይገዛል?» ድምፃቸው ውስጥ ክፋት አልነበረም። ሰው ግን ሲኒውን አስቀመጠ። ዶክተሯ «ብዙ» አለች። ለዚህም ነው ከቀኑ ግማሹን እሷ ራሷ ሳትመረምር ሁለት የጤና ጣቢያዋን ነርሶች ስታሠለጥን የዋለችው፤ መሣሪያውም የሚቀረው እዚያው ነው። ሲስተር ራሳቸውን ነቀነቁ፤ በመልሱ ሙሉ በሙሉ የረኩ አልመሰለኝም። እኔም አልረካሁም። እንደኔ እንደኔ፣ «ይህን ያህል ሴት አየን» ብሎ የሚመለስ ቡድን፣ ከመጋዘን የወጣውን ካርቶን ቆጥሮ «ሸጥኩ» እንደሚል ነጋዴ ነው። ካርቶኑ ሱቁ መደርደሪያ ላይ አቧራ እየጠጣ ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ የእኔ ዋና ሥራ የመጨረሻዎቹ ሁለት ቀናት ሆነ። ነጭ ታይቶባቸው በሙቀት የታከሙት 23 ሴቶች ከ12 ወር በኋላ ተመልሰው መታየት አለባቸው። አድራሻ የሚባል ነገር እዚያ የለም፤ ስልክም የብዙዎቹ የባል ወይም የጎረቤት ነው። ለእያንዳንዷ በመዝገቡ ላይ የመንደሯን አለቃ፣ በብስክሌት የሚመጣውን የጤና ረዳት ስም፣ መልእክት ቢደርስ የማይከፋትን ሰው ስልክ፣ እና «በየትኛው ወር ማሳ ላይ አትሆንም?» የሚለውን ጨምሬ ያዝኩ። ሐምሌ ጥሩ ወር ነው፤ በቆሎ ተሰብስቦ አልቋል። አንዱን ቅጂ ለሲስተር፣ አንዱን ለረዳቶቹ ሰጠሁ። በኮምፒውተር ሳይሆን በደብተር፤ መብራት ሲጠፋ ደብተር አይጠፋም።

አሁን ደግሞ ወደ እናንተ ልመለስ፤ ይህን መጽሔት ሳሎን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣችሁ ወደምታነቡት። የአቼቶው ምርመራ እዚህ አገር አለ፤ በብዙ የመንግሥት ጤና ጣቢያዎች ይሰጣል፤ በተለይ ከ30 እስከ 49 ዓመት ላሉ ሴቶች። ኤችአይቪ በደሟ ላለ ሴት ከ25 ጀምሮ ይመከራል። ዕድሜዋ ለገፋ እናት ደግሞ፣ ከላይ እንዳልኳችሁ፣ አቼቶው ስለማይሆን የኤችፒቪ ምርመራ መኖሩን ጠይቁ፤ ናሙናውን ሴቲቱ ራሷ፣ ከመጋረጃ ጀርባ፣ በጥጥ መውሰድ ትችላለች። የወር አበባዋ ከቆመ በኋላ ደም ያየች፣ ወይም ከግንኙነት በኋላ የምትደማ ሴት ግን ምርመራ ቀን አትጠብቅ፤ ሐኪም ትይ። ሴት ልጅ ካለቻችሁ ደግሞ ክትባቱን አትለፉት። ኢትዮጵያ ክትባቱን የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ2018 በ14 ዓመት ልጃገረዶች ነው፤ ማላዊ በዓመቱ ተከትላለች። የትምህርት ቤቱ ወረቀት ቤት ሲመጣ «ይሄ ደግሞ ምንድነው?» ብሎ መሳቢያ ውስጥ የሚከት አባት ካለ፣ ይህን ገጽ አስነብቡት።

እኔ በ32 ዓመቴ፣ ከማላዊ ስመለስ፣ ቅዳሜ ጠዋት ሰፈራችን ካለው ጤና ጣቢያ ሄጄ ተመረመርኩ። ሰልፉ አርባ ደቂቃ፣ ምርመራው አምስት ደቂቃ። የሚያም ነገር የለውም፤ ትንሽ ይቀዘቅዛል። ካርዴን የጻፈችልኝ ልጅ የመንደሬን ስም ሳትጠይቀኝ ስልኬን ብቻ ስትይዝ ግን ሳልስቅ አልቀረሁም።

እናቴ ስልሳን አልፋለች። መጀመሪያ «እኔ ደግሞ ከእንግዲህ ምን አለኝ» አለች። ሁለት ወር ፈጀ። አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ ነጠላዋን አጣፍታ በሩ ላይ ቆማ አገኘኋት፤ ናሙናዋን ራሷ ወስዳ የመጣችው ከእድር ጓደኛዋ ጋር ነበር። ውጤቱ ደህና ነው። በዚያው ሰሞን የአክስቴን ወረቀት ከሻንጣው አውጥታ ለእኔ ሰጠችኝ፤ «አንቺ ጋ ይቀመጥ፣ ለልጆቿ አሳያቸው» ብላ። አክስቴ ሁለት ሴት ልጆች አሏት፤ ትልቋ ሠላሳን አልፋለች። አሳይቻታለሁ።

ባለፈው ሐምሌ ሲስተር ረጅም የድምፅ መልእክት ላኩልን። ከ23ቱ ሴቶች 17ቱ ተመልሰው ታይተዋል። ሁለቱ ወደ ብላንታየር ሄደዋል፤ አንዷ ወልዳለች፣ ስትጠነክር ትመጣለች። የቀሩትን ሦስቱን ረዳቶቹ እየፈለጓቸው ነው። ሁለቱ ነርሶች ራሳቸው በሳምንት አንድ ቀን፣ ሐሙስ ሐሙስ፣ መመርመር ቀጥለዋል። በመጨረሻ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው የመሣሪያው ቻርጀር መበላሸቱን፣ ሊሎንግዌ ድረስ ልከው ተስማሚ ማጣታቸውን ነገሩን። ዶክተሯ ከአሜሪካ ሁለት ገዝታ ልካለች፤ አዲስ አበባ እኔ ጋ ደርሰዋል። ሐሙስ ከመድረሱ በፊት ወደ ሊሎንግዌ የሚበር ሰው አግኝተናል፤ ዛሬ ማታ ቦሌ ላይ አስረክበዋለሁ።